ኮሎምበስ ለምትኖሩ፦ የከተማ ግብር ከደመወዝ ተቆርጧል ማለት ተከፍሎ አልቋል ማለት አይደለም

«የፌዴራሉንም የኦሃዮንም ሞልቻለሁ፤ ይህ የከተማ የሚባለው ደግሞ ምንድን ነው?» ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ወንድማችን ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች በፌስታል ይዞ ቤቴ መጣ። ሁሉም ከከተማው ኦዲተር ቢሮ የተላኩ ነበሩ፤ እርሱ ኦዲተር የሚፈልገው ነጋዴን ብቻ መስሎት አስቀምጧቸው ኖሯል። በኮሎምበስ የገቢ ግብር ክፍሉ ያለው በዚሁ ቢሮ ሥር ነውና እባካችሁ ፖስታ ክፈቱ።

በኦሃዮ ከተሞች ከፌዴራሉና ከስቴቱ ተለይተው የራሳቸውን የገቢ ግብር ይሰበስባሉ፤ የኮሎምበስ 2.5 በመቶ ነው። እዚያው ኖሮ እዚያው የሚሠራ፣ ከደመወዝ ሌላ ገቢ የሌለውና ሙሉው የተቆረጠለት ሰው ብዙ ጣጣ የለበትም። ጣጣው የሚጀምረው በአንዱ ከተማ እየኖሩ በሌላው ሲሠሩ ነው።

እኔ የተያዝኩትም እዚህ ላይ ነው። ቤቴ ኮሎምበስ፣ ሥራዬ ጎረቤቷ ደብሊን ከተማ ነበር። የደብሊን ግብር 2 በመቶ ሲሆን አሠሪዬ በየደመወዙ ይቆርጠው ስለነበር፣ ደብልዩ 2 ቅጼ ላይ (አሠሪ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር ጽፎ የሚሰጠው ቅጽ ነው) የከተማ ግብር ተጽፎ ሳይ እንደተከፈለ እቆጥረው ነበር። ኮሎምበስ ለሌላ ከተማ የከፈላችሁትን ያቀናንስላችኋል፤ ቀሪውን ግማሽ በመቶ ግን ይጠይቃል። በ38,000 ዶላር ደመወዝ ይህ በዓመት 190 ዶላር ነው። ቅጹን የሚሞላልኝ ሰው ስለ ከተማ ግብር አንድም ቀን አላነሳልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ በ3 ዓመት 570 ዶላር ተጠራቅሞ፣ ባልተከፈለው ላይ 15 በመቶ ቅጣትና ወለድ ተጨምሮበት የቤት ኪራይ በምንከፍልበት ሳምንት ደረሰኝ። ስለዚህ ቅጻችሁ ላይ ሦስት ሣጥኖችን ተመልከቱ፦ 18 ደመወዙ፣ 19 የተቆረጠው የከተማ ግብር፣ 20 ደግሞ የተቆረጠለት ከተማ ስም ነው። ሣጥን 19ን ለሣጥን 18 አካፍሉ፤ የኮሎምበስ ነዋሪ ሆናችሁ ውጤቱ ከ2.5 በመቶ ካነሰ ልዩነቱ የእናንተ ዕዳ ነው።

በኢንተርኔት ማሳወቅም መክፈልም የሚቻለው ክሪስፕ በሚባለው የከተማው ገጽ ሲሆን ከስቴቱ ገጽ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ለፌዴራል፣ ለስቴትና ለከተማ ሦስት ቦታ ሦስት የይለፍ ቃል መያዝ ያሰለቻል፤ ለአዲስ ሰው ይህን በግልጽ የሚያስረዳ አለመኖሩም ያሳዝነኛል። ቢሆንም የይለፍ ቃላችሁን ለማንም ቅጽ ሞይ አትስጡ። ከባንክ ሂሳብ ብትከፍሉ ይሻላል፤ በካርድ ሲሆን የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። የማረጋገጫ ቁጥሩን ሳታስቀምጡ ገጹን አትዝጉ። የጊዜ ገደቡ እንደ ፌዴራሉ ኤፕሪል 15 ነው፤ ማራዘሚያ የሚያራዝመው ቅጽ ማስገቢያውን ብቻ ስለሆነ ገንዘቡ በዚያው ቀን መግባት አለበት።

ኡበር የምትነዱ ወይም ምግብ የምታደርሱ ወገኖች፣ ተቀጣሪ ላልሆነ ሠራተኛ ገቢው ተጽፎ በሚሰጠው 1099 ቅጽ ላይ የከተማ ግብር የሚቆርጥላችሁ የለም። የዓመቱ ዕዳችሁ 200 ዶላርና ከዚያ በላይ ይሆናል ብላችሁ ከገመታችሁ በየሩብ ዓመቱ አስቀድማችሁ መክፈል ይጠበቅባችኋል። ገንዘቡ እጄ ገባ ብሎ ሁሉን ማጥፋትና ኤፕሪል ላይ ብድር መፈለግ በእኔ አመለካከት ሰበብ የለውም።

አድራሻችሁ «ኮሎምበስ» ስላለ ብቻ ከተማው ውስጥ ናችሁ ማለት አይደለም፤ ፖስታ ቤቱ በዙሪያው ላሉ ሌሎች ከተሞችና ታውንሺፖችም (ከከተማ አስተዳደር ውጭ ላሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ይህንኑ ስም ይጠቀማል። የኦሃዮ ግብር መሥሪያ ቤት «ፋይንደር» በሚባለው መፈለጊያው አድራሻችሁን አስገብታችሁ አረጋግጡ። ታውንሺፕ የገቢ ግብር አይጥልም፤ አንዳንድ ትናንሽ ከተሞች ደግሞ የሚሰበስቡት ሪታ በሚባለው ድርጅት በኩል ስለሆነ ክሪስፕ ላይ አታገኟቸውም። ያለአግባብ የተቆረጠባችሁ ካለ ተመላሽ መጠየቅ የምትችሉት በ3 ዓመት ውስጥ ነው፤ አሮጌ ደብልዩ 2 ቅጾቻችሁን አትጣሉ።