የቢራቢሮው ክንፍና ዲኤንኤው ሳይስማሙ ሲቀሩ

የቢራቢሮን ዝርያ በክንፉም በዲኤንኤውም ስንለይ ሁለቱ ሲጣሉ ምን እንደምናደርግ ላውራችሁ። መረብ አያያዙን ታውቁታላችሁ ብዬ ልጀምር። ዲኤንኤውን የሚያባዛው ፒሲአርም ሠርቷል፤ 658 ፊደል የሚሆነው የሚቶኮንድሪያ ባርኮድ፣ ማለትም ዝርያ የምንለይበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ እጃችሁ ገብቷል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምልክት፦ ክንፉ የአንዱ፣ ዲኤንኤው የሌላው

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። መንስኤው ዝግመተ ለውጥ ምናምን አይደለም። ቱቦ ላይ የምንጽፍበት ማርከር ነው።

አንድ ተማሪ ከመናገሻ ሱባ ጫካ ጥግ ሰብስቦ መጣ። «ጋሼ፣ አዲስ ዝርያ ሳላገኝ አልቀረሁም» አለኝ። ፊቱ በርቷል። ክንፉን ሳየው የምናውቀው ብርቱካናማ ዳናውስ ክሪሲፐስ ነው። ዲኤንኤው ግን ቫኔሳ ካርዱይ የሚባል ሌላ ቢራቢሮ ነው ይላል። ቱቦዎቹን አስመጣሁ። ዲኤንኤ የምናወጣባቸው እግሮች አልኮል ውስጥ ናቸው፤ ቁጥሩ ክዳኑ ላይ በማርከር ተጽፏል። ተጽፎ ነበር ማለት ይሻላል። አንዱ ቱቦ አፍስሶ ቀለሙን አጥቦታል፤ 3 እና 8 አንድ ሆነዋል። «አይለቅም» ተብሎ የሚሸጥ ማርከር አልኮል ሲነካው ወዲያው ይለቃል።

ልጁ እድለኛ ነው። ሁለቱ ቢራቢሮዎች ስለማይመሳሰሉ ስህተቱ ተጋለጠ። ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ቢቀያየሩበት ማን ያውቅለት ነበር?

በእርሳስ ጻፉ። ወረቀቱን ከእግሩ ጋር ቱቦው ውስጥ ክተቱት። ያንኑ ቁጥር ቢራቢሮው በተሰካበት መርፌ ላይም ስኩት። እግር ከመንቀላችሁ በፊት ቢራቢሮውን ከነቁጥሩ በስልክ አንሱት፣ ከላይም ከሥርም። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ቢራቢሮ ብቻ! ቡናም እዚያ አይቀርብም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ወረንጦውን በአልኮል ጠርጎ «ጸዳ» ማለት ሌላው በሽታ ነው። አልኮል ጀርም ይገድል ይሆናል እንጂ ዲኤንኤ አያጠፋም፤ ናሙናውን የምናቆየውስ በምን ሆነና? በረኪና ውስጥ ንከሩት፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ አድርቁት። ለናሙናው ደግሞ 96 በመቶ ኢታኖል ተጠቀሙ። እግሮቹን በእጅ ሳኒታይዘር ያመጣልኝ ሰው አለ። ዝልግልጉ ውስጥ እግር ስፈልግ ግማሽ ቀኔ ሄደ።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዲኤንኤው ሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ ካለ፣ ክንፉን እንደገና እዩት። የዚህ ዝርያ ሴት መርዛማውን ዳናውስ መስላ ነው የምትኖረው። የኋላ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥቦቹን ቁጠሩ። ዳናውስ ሦስት ወይም አራት አለው፤ አስመሳይዋ ከፊተኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ። ያኔ የተሳሳተው ዓይናችሁ ነው።

ምልክት፦ በክንፍ ሁለት፣ በዲኤንኤ አንድ

ቀኑን እዩ። ፕሬሲስ ኦክታቪያ የሚባለው ቢራቢሮ በዝናብ ወቅት ቀላ ያለ ብርቱካናማ፣ በደረቁ ወቅት ሰማያዊ ነው። ሁለት ዝርያ ይመስላል፤ አንድ ነው። መለያው ላይ ቀን ያልጻፈ ሰው እዚህ ጋ ያለቅሳል።

ወቅቱ ካልሆነ ቮልባኪያን ጠርጥሩ። ይህ ባክቴሪያ እንደ ሚቶኮንድሪያ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሁለት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ካለፈ፣ የአንዱን ሚቶኮንድሪያ በሌላው ላይ ይዞ ሊስፋፋ ይችላል። ስለዚህ በባርኮድ ብቻ አትፍረዱ። እንደ ዊንግለስ ያለ የኒውክለስ ዘረመል ጨምሩ። ባክቴሪያውን ስትፈልጉም ከእግር ይልቅ ከሆድ ውሰዱ፤ እግር ላይ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ምልክት፦ የአካሉንና የዲኤንኤውን መረጃ ስታዋህዱ የዝምድና ዛፉ ከዲኤንኤው ዛፍ ምንም አይለይም

12 የአካል ባህርይ 658 ፊደል ውስጥ ሰምጦ ነው። መጀመሪያ ለየብቻ አስሉ፣ የት እንደሚጣሉ እዩ፣ ከዚያ አዋህዱ።

ምልክት፦ ዝርያውን ለመለየት የመራቢያ ብልቱን አይታችሁ ስትመለሱ ከሆዱ ዲኤንኤ ጠፋ

ሥጋውን በሚያሟሟው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ቀቅላችሁታል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ ሆዱን መጀመሪያ ፕሮቲን በሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ በፕሮቲኔዝ ኬ፣ አሟሙታችሁ ዲኤንኤውን አውጡ። ጠንካራው ብልት ሳይነካ ይቀራል፤ እሱን በኋላ በማይክሮስኮፕ ታዩታላችሁ።