የአንድ የገጠር ምርጫ ክልል ታሪክ አጠናቀር፦ ደላንታን እንደ ምሳሌ

በወሎ የአንድን የገጠር ምርጫ ክልል ታሪክ ለመጻፍ ሲነሡ፣ ማን እንዳሸነፈ ከመጠየቅዎ በፊት የአካባቢው ስምና ወሰን በየዘመኑ ምን እንደነበረ ያጣሩ። ደላንታ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የዋድላ ደላንታ አውራጃ አካል ነበረ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዳውንትና ደላንታ ተብሎ በሰሜን ወሎ ዞን ይገኛል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ዳውንት በሰሜን ወሎ ሲቀር ደላንታ ለብቻው በደቡብ ወሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ በደላንታ ዋና ከተማ በወገል ጤና የተሰጠን ድምፅ በአንድ ዞን መዝገብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሳያገኘው ይቀራል። ወረዳና የምርጫ ክልልም ሁልጊዜ አንድ ስላልሆኑ፣ የአንዱን ቁጥር ለሌላው አይስጡ።

ቀጥለው ዘመናቱን ይለዩ። ከ1949 እስከ 1965 ዓ.ም. በየአራት ዓመቱ አምስት የፓርላማ ምርጫዎች ተካሂደዋል። ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩው ግን ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድድ ነበር። በመሆኑም የዚያን ዘመን ተመራጭ ሲያጠኑ የድርጅቱን ስም ሳይሆን የመሬት ይዞታውን፣ የዘር ሐረጉንና ከአውራጃው ባለሥልጣናት ጋር የነበረውን ቅርበት ይመርምሩ። የ1965ቱ ምርጫ የወሎ ገበሬ በረሃብ በሚረግፍበት ጊዜ የተካሄደ ነው፤ ይህን ምርጫ ከረሃቡ ነጥሎ መጻፍ፣ በእኔ እምነት፣ ሟቾቹን ሁለተኛ መርሳት ነው። ማን ድምፅ ሰጠ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ቀዬውን ጥሎ ወደ ደሴ መንገድ ወጥቶ ነበር ብለው ይጠይቁ።

የ1979ኙ የብሔራዊ ሸንጎ (የዚያን ጊዜው ፓርላማ) ምርጫ በኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ብቸኛ ፓርቲነት የተካሄደ በመሆኑ ለብቻው ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ የ1987፣ የ1992፣ የ1997፣ የ2002፣ የ2007 እና የ2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫዎች ይከተላሉ። በእነዚህ ሁሉ የተወካዮች ምክር ቤትንና የክልል ምክር ቤትን ውጤት በተለያየ ሠንጠረዥ ያስፍሩ፤ የአማራ ክልል ለመጀመሪያው 138፣ ለሁለተኛው 294 መቀመጫ አለውና።

የቃል ምስክርነት ሲሰበስቡ ሽማግሌውን በዓመተ ምሕረት አያስጨንቋቸው። «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ቢጠይቋቸው ነገሩን በቀላሉ ያስታውሱታል። ድምፅ የተሰጠው በትምህርት ቤት ይሁን በገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ ከየትኛው ቀበሌ የመጣው ሰው ስንት ሰዓት በእግሩ እንደተጓዘ ይመዝግቡ። የፓርቲ ወኪል የነበሩ ሰዎች የምርጫ ጣቢያውን የውጤት ቅጂ በቤታቸው አስቀምጠው ሊሆን ስለሚችል በትሕትና ይጠይቋቸው። የሽማግሌው ቃልና ወረቀቱ ከተለያዩ አንዱን አይሰርዙ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፈው ልዩነቱን ያመልክቱ።