ዓርማው ላይ ቆሞ የቀረው ሬድሚ እንዴት ተነሳ

የእህቴን አሮጌ ሬድሚ ስልክ ላድስላት ብዬ ጉድ ሠራኋት። ቡትሎደሩን፣ ማለትም ሌላ ሲስተም እንዳይጫን የሚቆልፈውን የስልኩን ማስነሻ ፕሮግራም፣ ለመክፈት 168 ሰዓት ጠበቅኩ (ሲከፈት ሁሉንም ስለሚያጠፋ ፎቶዎቿን ቀድሜ ገልብጬ ነበር)፤ ከዚያ በቲደብልዩአርፒ (ሲስተም መጫኛና ማጽጃ መሣሪያ) በኩል ላይንኤጅ ኦኤስ የሚባለውን በአንድሮይድ ላይ የተሠራ ሲስተም ጫንኩ። ስልኩ ዓርማውን እያሳየ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ! በደሴ ብርድ እጄን የሚያሞቅ ከሰል ሆነ።

ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ብዬ ድጋሚ አወረድኩ፤ ካርዴ አለቀ፣ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የኔው ነበር። ቲደብልዩአርፒ ላይ "ዋይፕ" (ማጽጃው) ገብቼ ጣቴን ማንሸራተት ብቻ ነበር ያደረግኩት። እሱ ደግሞ የቀድሞውን ኢንክሪፕሽን (የዳታ መቆለፊያ) አያነሳም፤ አዲሱ ሲስተም ሊከፍተው የማይችል ዳታ ይገጥመዋል። "ፎርማት ዳታ" የሚለውን ነክቼ "የስ" ብዬ ጻፍኩ።

የሲስተሙ ዚፕ ፋይልም አብሮ ስለተጠረገ ከኮምፒውተር በገመድ፣ በኤዲቢ ሳይድሎድ ትእዛዝ፣ ልልክ ስል ኮምፒውተሩ ስልኩን አላይም አለ። ለካ ፒያሳ መንገድ ዳር የገዛሁት ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ የዳታ ሽቦ የለውም። የጎረቤት ገመድ ስሰካ ወዲያው አነበበ። መላኩ 47 በመቶ ላይ ሲያቆም ደነገጥኩ፣ ግን እዚያ ላይ መጨረሱ የተለመደ ነው፤ ስልኩ ላይ ተጭኖ አልቋል።

ሲነሳ እህቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ቴሌግራሜስ?"