ደንን አብነት አድርገን ኮምፖስት ስንሠራ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ከጥድና ከዝግባ ሥር የሚረግፈውን ማንም አይጠርገውም። ሻጋታ ያለሰልሰዋል፣ ትል ይበላዋል፣ ትሉ የጣለውን ሥር ይመገበዋል። ይህን አሠራር በሰሜን ሸዋ ደጋ ጓሯቸው ውስጥ የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። ክምሩ ግን ወይ ይገማል ወይ ሳይበስል ይከርማል።

ትልቁ ስህተት ገለባ ብቻ መከመር ነው። የገብስ ገለባ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ጥቂት ነው። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ በደንብ የሚሠሩት ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው። ስለዚህ 20 ሳንቲ ሜትር ገለባ፣ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አረም፣ 5 ሳንቲ ሜትር እበት ወይም የበግ በጠጥ እያፈራረቁ ይደርድሩ፤ በየመሐሉ ውኃ ይርጩ። አረሙ ዘር ሳይቋጥር መታጨድ አለበት፤ አለዚያ ኮምፖስቱ አረም ይዘራልዎታል። ከክምሩ ጨብጠው ሲጨምቁ ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ከወጣ ውኃው በዝቷል፤ አየር አጥቶ የሚገማው ያኔ ነው።

ክምሩን ማሳነስም አያዋጣም። የደብረ ብርሃን ሌሊት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ሙቀቱን ይወስድበታል። ቁመቱም ጎኑም ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን፤ ላዩን በገለባ ይሸፍኑት። መሐሉ ላይ ዱላ ይሰኩና በሳምንቱ ይንቀሉት፤ ካልሞቀ ወይ ደርቋል ወይ እበት አንሶታል። በሦስተኛው ሳምንት የዳሩን ወደ መሐል አድርገው ያገላብጡት።

መረሬ (ጥቁር ጭቃማ) መሬት ላይ የኮምፖስት ጉድጓድ አይቆፍሩ፤ ክረምት ውኃ ያቁርበታል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ መበስበስን ያዘገያል፣ ጥቂት ብቻ ይቀላቅሉ። አመድም ከጭብጥ አይለፍ፤ ከእርጥብ እበት ጋር ሲበዛ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ወደ አየር ይለቀዋል።

አተላን በቀጥታ ክምር ላይ መድፋት ብክነት ነው። መጀመሪያ ከብት ይጠጣው፤ በእበት መልክ ይመጣልዎታል። ደን ውስጥም አንድ ነገር ብዙ አፍ ሳያልፍ አፈር አይሆንም።

በጣም የሚያሳዝነው ግን እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ሲነድ ነው፤ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ የሚተርፈው አመድ ነው። ሌላ ማገዶ ለሌለው ቤት ኩበት አታንድድ ማለት አይቻልም። ቢሆንም በረት ውስጥ ሽንት የጠጣውን ጉዝጓዝ አውጥቶ መጣል ይቅር። ከከብቱ ከሚወጣው ናይትሮጅን ትልቅ ድርሻ ያለው ሽንቱ ውስጥ ነው፤ ጉዝጓዙ ፀሐይ ሳይመታው በዚያው ዕለት ክምሩ ውስጥ ይግባ።