አጋር ‹‹ደብል›› ሲል ዝም ማለት ስንት ያስከፍላል?

‹‹ዝም አይነቅዝም›› የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ሁለት ሁለት አጋሮች ለሚጋጠሙበት የካርታ ጨዋታ፣ ለብሪጅ ጨረታ ግን አይሠራም። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አጋሬ ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ለአራት እንጫወት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ካፌውም አብሮ ሄደ። ካዛንቺስ ተዛወርን፤ ዓመት ሳይሞላ የካዛንቺስም ተራ ደረሰ። አሁን አራት ኪሎ በአንዳችን ሳሎን፣ ከጀበናው አጠገብ ነን። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በሙሉ በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ የታዩ ናቸው፤ አብዛኞቹም የእኔ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ደብሉ። ከግራዎ ያለው ተጋጣሚ ‹‹1 ልብ›› ብሎ ጨረታውን ይከፍታል፤ ማለትም ልብን ገዢ (ሌሎቹን የሚበልጥ) ዓይነት አድርጎ፣ ሁሉም አንድ አንድ ካርታ ከሚጥልባቸው 13 ዙሮች 7ቱን (6 እና 1) እበላለሁ ይላል። ቀጥሎ አጋርዎ ‹‹ደብል›› ይላል። ቃሉ በጥሬው ‹‹ነጥቡ ይታጠፍ›› ማለት ነው፤ እዚህ ግን ዛቻ ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ ‹‹ለመክፈት የሚበቃ እጅ፣ 12 ነጥብ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይዣለሁ። ልብ አንሶኛል፤ ሌሎቹን ሦስት ዓይነቶች ግን እደግፋለሁ። ያንተ የትኛው ነው?›› ነጥቡ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 እየተባለ ይቆጠራል። የዓይነቶቹ ቅደም ተከተል ደግሞ ከታች ወደ ላይ አበባ፣ ዳይመንድ፣ ልብ፣ ስፔድ ነው።

ችግር፦ ‹‹ፓስ›› (ልለፍ) አልኩ፤ ተጋጣሚዎቻችን ደብል የተደረገበትን ኮንትራት (የጨረታውን የመጨረሻ ጥሪ) አሸነፉ

የያዝኩት ይህን ነበር፦ ስፔድ 9፣ 6፣ 4፣ 2፤ ልብ 8፣ 7፣ 5፤ ዳይመንድ ጃክ፣ 6፣ 3፤ አበባ 10፣ 5፣ 2። በጠቅላላው አንድ ነጥብ። ከግራዬ ‹‹1 ልብ›› ተባለ፣ ጋሼ ‹‹ደብል›› አሉ፣ ከቀኜ ‹‹ፓስ›› ተባለ። እንዲህ ያለ እጅ ይዞ አፍ መክፈት ነውር መሰለኝና እኔም ‹‹ፓስ›› አልኩ። ጋሼ ካርታቸውን ደፍተው መነጽራቸውን አወለቁ። ‹‹ልጄ፣ ጠየቅኩህ እኮ!››

ሰውየው 7 ዙር ይበቃው ነበር፤ 9 በላ። የ1 ልብ 30 ነጥብ በደብል 60 ይሆናል። ኮንትራቱን ለመሙላቱ 50፣ ደብሉን ተቋቁሞ ለመሙላቱ ሌላ 50፣ ለሁለቱ ትርፍ ዙሮች እያንዳንዳቸው 100፤ ድምሩ 360። ሽልማቱም ቅጣቱም ከፍ የሚልበት፣ ‹‹ተጋላጭ›› የምንለው ወገን ቢሆኑ ኖሮ 560 ይወስዱ ነበር።

ምክንያቱ አንድ ነው፦ ፓስን ‹‹ምንም የለኝም›› ማለት አድርጌ ወሰድኩት። እዚህ ቦታ ላይ ግን ፓስ ማለት ‹‹ልብ ላይ እናስቀምጣቸውና እንቅጣቸው›› ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከምናስበው ተቃራኒ ነው፤ እጁ የደኸየ ሰው የመናገር ግዴታው ይብሳል።

መፍትሔ፦ ከተጋጣሚው ዓይነት ውጪ ረጅሙን ዓይነትዎን በዝቅተኛው ደረጃ ይጥሩ። የእኔ መልስ ‹‹1 ስፔድ›› መሆን ነበረበት። ይህ መልስ ከ0 እስከ 8 ነጥብ ላለው ሁሉ ነው፤ ምንም ቃል አያስገባም። አንድ ዙር ቢጎድለን ኪሳራው 50 ብቻ ነበር።

መራራው ዓይነት እጅ ሌላ ነው፦ ተጋጣሚው ‹‹1 ስፔድ›› ብሎ፣ እርስዎ ያለዎት ብቸኛ አራት ካርታ ስፔድ ሆኖ፣ የቀሩት ሦስት ሦስት፣ ነጥቡም ባዶ ሲሆን። ያኔም ይነገራል፦ ‹‹2 አበባ››፣ በሦስት ካርታ። እጅ ቢንቀጠቀጥም ድምፅ አይንቀጥቀጥ። ፓስ ትክክል የሚሆነው የተጋጣሚው ዓይነት በእርስዎ እጅ ረዝሞና ጠንክሮ ሲገኝ ነው፤ ለምሳሌ ልብ በንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10 እና 9። ያኔ አጋርዎ ልብ እየመራ ይከፍታል፣ እርስዎም የተጋጣሚውን ገዢ ካርታዎች ይለቅማሉ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ የመጣልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ችግር፦ 10 ዙር በላን፣ የተጻፈልን ግን 170 ነው

ስፔድ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 8፣ 5፣ 3፤ ልብ 7፣ 4፤ ዳይመንድ አስ፣ 9፣ 6፤ አበባ ንግሥት፣ 8፣ 2። 10 ነጥብ። ለጋሼ ደብል፣ ካለፈው ስህተቴ ተምሬ፣ በደስታ ‹‹1 ስፔድ›› አልኩ፤ ጋሼም ‹‹ፓስ››። ‹‹4 ስፔድ›› ብለን ቢሆን ኖሮ እነዚያው 10 ዙሮች 420 ያመጡ ነበር። አሜሪካዊው ባለጸጋ ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ሲጓዝ የዛሬውን የነጥብ አቆጣጠር ሲያወጣ ነገሩን የቆለፈው እዚህ ላይ ነው፦ ጌም የሚባለው የትልቅ ኮንትራት ሽልማት የሚገኘው ጌሙን በጨረታው ለጠራው ብቻ ነው። ሳይጠሩ የበሉት ዙር ትርፍ ነው፤ ጌም አይሆንም።

ምክንያቱ፦ 10 ነጥቤን ባለፈው ቅዳሜ አንድ ነጥብን በገለጽኩበት ቃል ገለጽኩት። ጋሼ ልዩነቱን ከየት ይወቁት?

መፍትሔ፦ ከ9 እስከ 11 ነጥብ ሲኖርዎ አንድ ደረጃ ይዝለሉ፤ ‹‹1›› የሚበቃውን ‹‹2 ስፔድ›› ይበሉ። ግብዣ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ አጋርዎ ዝቅተኛ እጅ ከያዘ ፓስ ይላል። 12 እና ከዚያ በላይ ካለዎት ጌሙን ራስዎ ይጥሩ፣ ወይም በመጨረሻ ወደምነግርዎ መንገድ ይሂዱ። ስፔድ ወይም ልብ አራት፣ አበባ ወይም ዳይመንድ አምስት ሲይዙ ደግሞ በተለምዶ ቅድሚያው ለአራቱ ነው፤ በስፔድና በልብ ጌም 10 ዙር ይበቃል፣ በሌሎቹ 11 ያስፈልጋል።

ችግር፦ ‹‹1 ኖ ትራምፕ›› ባልኩ ቁጥር እንወድቃለን

ኖ ትራምፕን የቆሻሻ መጣያ ስላደረጉት ነው። ገዢ ዓይነት የሌለበት ጨዋታ ለባዶ እጅ መሸሸጊያ አይሆንም። ‹‹1 ኖ ትራምፕ›› ከ7 እስከ 10 ነጥብና በተጋጣሚው ዓይነት ውስጥ ማገጃ ካርታ (እንደ አስ ያለ፣ ዓይነቱን ተከታትሎ እንዳይበላ የሚያቆመው) ይጠይቃል። በ11 እና 12 ነጥብ ‹‹2››፣ ከዚያ በላይ ‹‹3 ኖ ትራምፕ››።

ችግር፦ ከቀኜ ያለው ሰው ተናገረ፤ እኔም ተናግሬ ተቀጣሁ

ግዴታው የነበረብዎ እሱ ፓስ ቢል ነበር። ‹‹2 ልብ›› ካለ አጋርዎ ሌላ ተራ ስለሚያገኝ ነፃ ወጥተዋል። ያኔ በፈቃድ የሚነገር ቃል 6 ነጥብና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ከሌለዎት ዝም ይበሉ። (እነሆ ተረቱ የሚሠራበት ቦታ ተገኘ።) ‹‹ሪደብል›› (ደብሉ ዳግም ይታጠፍ) ካለስ? የፓስን ትርጉም ጥንዶች በየፊናቸው ይስማሙበታል፤ እኛ ‹‹አንተ ምረጥ›› ነው የምንለው። ከጨዋታ በፊት መስማማት ነው፤ ካርታው ከተነሣ በኋላ በዓይን መጠቃቀስ አይቻልም።

ችግር፦ አጋሬ ባዶ እጄ ላይ ከፍ ከፍ አደረገብኝ

ይህ የደብል ባዩ ጥፋት ነው። አስገድዶ ያናገረውን ሰው እንደ ባለጸጋ ቆጠረው። ‹‹1 ስፔድ››ን ወደ ‹‹2›› ለማሳደግ 16 ነጥብ ገደማ ይኑረው፤ ከሌለው ይቀመጥ።

ችግር፦ አጋሬ የተጋጣሚውን ዓይነት ጠራ

በዚህኛው ደብል ያልኩት እኔ ነበርኩ። ልብ አንድ ብቻ፣ ሌሎቹ አራት አራት። ጋሼ ‹‹2 ልብ›› ብለው መለሱ። ልብ ቢኖራቸው ነው ብዬ ‹‹ፓስ›› አልኩ። ተጋጣሚያችን ካርታ መራ፤ እኔም እንደ ደንቡ የእኔን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጋሼ ብቻዋን የተቀመጠችውን 6 ልብ አዩ፣ የራሳቸውን ሦስት ልብ አዩ፣ እኔን አዩ። 13ቱን ዙር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተጫወቱት። 8 መብላት የነበረብን 3 በላን፤ አምስት ዙር ጎደለ፣ 250 ተቀጣን። ቶናው ቀዘቀዘ።

የተጋጣሚን ዓይነት መጥራት ‹‹12 እና ከዚያ በላይ አለኝ፤ ወዴት እንደምንሄድ አላወቅኩምና ንገረኝ›› ማለት ነው። ጋሼ 13 ነጥብ፣ አራት ስፔድና አራት ዳይመንድ ይዘው ነበር። ደብል ያለው ሰው ስፔዱ ሦስት ይሁን አራት ስለማይታወቅ ጠየቁ። ‹‹2 ስፔድ›› ብል ‹‹4›› ብለው ይጨርሱት ነበር። ስለዚህ መፍትሔው፦ ፓስ የለም፤ አራት ካርታ ያለዎትን ዓይነት ይናገሩ።

ጋሼ ጃኬታቸውን ሲለብሱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ‹‹ልጄ›› አሉኝ፣ ‹‹እኔ ‹2 ልብ› ያልኩህ ልብ እንድትል እንጂ ልብ ኖሮኝ መሰለህ?››