ኮምፒውተሬ ለማይክሮሶፍት ምን ይልካል? ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነበት ኮምፒውተር ያለው ሰው ጉዳዩን የሚያስተውለው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ባገናኘ ዕለት ነው፤ ቪዲዮ ሳያይ፣ ፋይል ሳያወርድ፣ ለሳምንት ይበቃኛል ብሎ የገዛው የዳታ ጥቅል በአንድ ምሽት ተሟጦ ያገኘዋል። ምክንያቱን ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ «ማይክሮሶፍት ይሰልልሃል» የሚል ነው። መልሱ እውነት አያጣም፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያደባልቃል። አንደኛው ጥቅሉን የሚበላው ምንድን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ምስጢሬን የሚነካው የትኛው ነው የሚለው ነው። ብዙ ሜጋባይት የሚወስደው ነገር ስለ ኮምፒውተሩ ባለቤት ምንም የማይናገር ሊሆን ይችላል፤ አሳሳቢው መረጃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመጠኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ አንዳች ነገር ከመዝጋት በፊት ላኪውን መለየት ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚያገለግለው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው «ሪሶርስ ሞኒተር» ነው። በፍለጋ ሳጥኑ ፈልገው ከከፈቱት በኋላ «ኔትወርክ» የሚለውን ገጽ ይምረጡ፤ «ሴንድ» የሚለውን ዓምድ ርዕስ ሲጫኑት በዚያ ሰዓት ብዙ የሚልከው ፕሮግራም ከላይ ይሰለፋል። በሴቲንግስ ውስጥ ያለው «ዳታ ዩዜጅ» የ30 ቀኑን ፍጆታ በየፕሮግራሙ ስለሚያሳይ እሱንም ማየት ይጠቅማል።

ምልክት፦ ምንም ሳይሠሩበት ጥቅሉ ያልቃል

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለው አገልግሎት ነው። ይህ አገልግሎት አንድ ኮምፒውተር ያወረደውን አፕዴት ቆራርጦ ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲያካፍል የሚያደርግ ሲሆን፣ እንደ ምርጫው አቀማመጥ ተቀባዮቹ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ብቻ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያሉ የማያውቋቸው ሰዎች ኮምፒውተሮች ይሆናሉ። እንግዲህ የሚወጣው ዳታ የማይክሮሶፍት የራሱ አፕዴት ነው፤ የእርስዎ ሰነድ አይደለም፤ ወደ ማይክሮሶፍትም አይሄድም። ሂሳቡን የሚከፍሉት ግን እርስዎ ነዎት። ለመዝጋት በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ድረስ ይሂዱና ከሌሎች ኮምፒውተሮች ማውረድን የሚፈቅደውን ማብሪያ ያጥፉ። ቤት ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮች ካሉ በቤቱ መረብ ውስጥ ብቻ እንዲካፈሉ መተው ይሻላል፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ዳግመኛ አያወርድምና።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዋንድራይቭ፣ ማለትም ፋይሎችን በኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የገቡ እንደሆነ ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ፒክቸርስ የተባሉት ፎልደሮች ወደ ዋንድራይቭ እንዲቀዱ ሳያስተውሉ ፈቅደው ይሆናል። ከስልክ የተገለበጡ የሠርግ ፎቶዎች ፒክቸርስ ውስጥ ካሉ፣ ነጻው የ5 ጊጋባይት ቦታ እስኪሞላ ድረስ ጭነቱ ይቀጥላል። በዋንድራይቭ ሴቲንግስ ውስጥ «ማኔጅ ባክአፕ» የሚለውን ከፍተው ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ካጠፉት በኋላ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ሊቀሩና ዴስክቶፑ ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል። ፋይሎቹ አልጠፉም። ወደ ቀድሞ ቦታቸው መልሰው ይውሰዷቸው፤ ይህን ሳያደርጉ ዋንድራይቭን ለማራገፍ አይቸኩሉ።

ለሁለቱም የሚሠራው ፈጣኑ መፍትሄ ሆትስፖቱን «ሜትርድ ኮኔክሽን» (ፍጆታው የሚቆጠርበት መስመር) ብሎ መመዝገብ ነው። ዊንዶውስ የስልክ ሆትስፖትን አብዛኛውን ጊዜ ከተራ ዋይፋይ አይለየውም፤ በዋይፋዩ ዝርዝር ገጽ ላይ ይህን ማብሪያ ሲያበሩለት ግን ለማያውቋቸው ኮምፒውተሮች ማካፈሉን ያቆማል፣ ዋንድራይቭም ማመሳሰሉን ይገታል፣ አብዛኞቹ አፕዴቶችም ይዘገያሉ። ምዝገባው ለዚያ መረብ ብቻ ስለሆነ ገደብ በሌለው መስመር ላይ አፕዴትዎን በየጊዜው ማውረድዎን አይርሱ።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩ 100 በመቶ ይጨናነቃል

በታስክ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ኮምፓቲቢሊቲ ቴሌሜትሪ» የሚል ስም ከላይ ካዩ፣ ይህ የተጫኑትን ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) እየቆጠረ ኮምፒውተሩ ለሚቀጥለው የዊንዶውስ ስሪት ይሆን እንደሆነ የሚገመግም ሥራ ነው። ችግሩ የሚብሰው ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ በሌላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በታስክ ስኬጁለር ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ አፕሊኬሽን ኤክስፒሪያንስ በሚለው መንገድ ሄደው «ማይክሮሶፍት ኮምፓቲቢሊቲ አፕሬዘር» የሚለውን «ዲስኤብል» ያድርጉት። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ተመልሶ ሊበራ ይችላል።

ምልክት፦ ስለ እኔ ምን እንደሚላክ አላውቅም

ዋናው የምስጢር ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ የሚልከው የምርመራ መረጃ ሁለት ደረጃ አለው። «ሪኳየርድ» የሚባለው ግዴታ ሲሆን ስለ መሣሪያው ዓይነት፣ ስለ አቀማመጡና በትክክል ስለመሥራቱ ይናገራል። «ኦፕሽናል» የሚባለው ከዚህ አልፎ በኤጅ (በማይክሮሶፍት ብራውዘር) የጎበኟቸውን ድረ ገጾች፣ ፕሮግራሞችን እንዴት እንደሚጠቀሙና ሰፋ ያለ የብልሽት ዘገባ ይጨምራል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ በዚያች ቅጽበት በሜሞሪ ውስጥ የነበረው ነገር አብሮ ሊላክ ስለሚችል፣ ሲጽፉት የነበረው ደብዳቤ ቁራጭ ሳይታሰብ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን አይክድም።

መፍትሄው አጭር ነው፦ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ዲያግኖስቲክስ ኤንድ ፊድባክ፤ እዚያ «ኦፕሽናል» የሚለውን ያጥፉ። በዚያው ገጽ የተላከውን ማየት የሚያስችል «ዲያግኖስቲክ ዳታ ቪወር» የተባለ መሣሪያ አለ፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርድ ሲሆን እስከ 1 ጊጋባይት ቦታ ሊወስድ ይችላል። መረጃው ተመስጥሮ ስለሚጓዝ መንገድ ላይ ጠልፎ ማንበብ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ለተራ ተጠቃሚ የቀረበው መስኮት ይህ ነው። ከእሱ በታች ያለው «ዲሊት» ቁልፍ ከዚህ መሣሪያ ተሰብስቦ የነበረውን ያስጠፋል፤ ወደፊት የሚላከውን ግን አያቆምም።

እነዚህ ምርጫዎች ዛሬ ባሉበት መልክ የተገኙት ያለ ክርክር አይደለም። ዊንዶውስ 10 በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደረጃዎቹ ከዚህ የተለዩ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቋም የሚሰበሰበው ከሚያስፈልገው በላይ ነው ብሎ ለማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ኩባንያው በ2017 በዝቅተኛው ደረጃ የሚሰበሰበውን በግማሽ ገደማ ከቀነሰ በኋላ ጉዳዩ ተዘጋ። የኔዘርላንድስ ተቋምም በዚያው ዓመት የራሱን ቅሬታ አቅርቧል። መመልከቻ መሣሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ በ2018 ነው።

ምልክት፦ ሁሉንም አጥፍቼ አሁንም ይልካል

ይህ የሚጠበቅ ነው። የሆምና የፕሮ ስሪቶች የግዴታውን ደረጃ ጨርሶ ማጥፋት አይፈቅዱም፤ የዊንዶውስ ምርጫዎች በሚመዘገቡበት በሬጂስትሪ ውስጥ ዜሮ (ዝግ) ብለው ቢያስገቡም ዊንዶውስ እንደ 1፣ ማለትም እንደ ግዴታው ደረጃ ይቆጥረዋል። ሙሉ በሙሉ መዝጋት የተፈቀደው ለኢንተርፕራይዝ፣ ለኤዱኬሽንና ለሰርቨር ስሪቶች ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ሰዓቱን ለማስተካከል፣ ፈቃዱን ለማረጋገጥ፣ ኢንተርኔት መኖሩን ለመፈተሽና የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ ዲፌንደርን ለማደስ የሚደረጉ ግንኙነቶች ይቀጥላሉ፤ እነዚህን ማቋረጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አንዳንዶች የድረ ገጽ አድራሻ ወዴት እንደሚመራ በሚወስነው በሆስትስ ፋይል የማይክሮሶፍትን አድራሻዎች ይዘጋሉ። ከ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ግን ዲፌንደር ይህን እንደ ጥቃት ቆጥሮ ፋይሉን ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል። ከዚህ የከፋው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን፣ «ስለላው የወጣለት» የሚባለውን ዊንዶውስ መጫን ነው፤ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ሲስተም ምን እንደሚልክና ለማን እንደሚልክ የሚያሳይ መመልከቻ የለውም፤ ብዙውን ጊዜም አፕዴቱ አብሮ ተቆርጦለታል።

ያስተካከሉት ምርጫ ከአፕዴት በኋላ ተመልሶ በርቶ ካገኙት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መላውን ስክሪን ሸፍኖ «መሣሪያዎን አዘጋጅተው ይጨርሱ» የሚለውን ገጽ ያስታውሱ። «ኔክስት» እየተባለ ሲታለፍ ዋንድራይቭ ዳግመኛ የሚበራው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ በኩል ነው። ከሦስት ቀን በኋላ አስታውሰኝ የሚለውን ከመረጡ ያልፍልዎታል፤ ለዘለቄታው ግን በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ከታች «አዲሽናል ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍተው መሣሪያውን አዘጋጅቶ ስለመጨረስ የሚናገረውን ምልክት ያንሱ።