የወፈረ ፈረስ ሰኮናው ሳይታመም እንዴት ይከሳል?

ጅማ ውስጥ የጋሪ ፈረስ ብዙ ጊዜ ይከሳል እንጂ አይወፍርም። የሚወፍረው ለግልቢያ ተቀልቦ የሚቆመው፣ ከሥራ የወጣው፣ ዝናቡ ከያዘ ጀምሮ ለምለም ሣር ላይ ታስሮ የሚውለው ነው። «አማረበት» እንለዋለን። ስቡ ግን ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፤ ሰውነቱ የደምን ስኳር ለሚቆጣጠረው ለኢንሱሊን በቅጡ መታዘዝ ያቆማል፤ ኢንሱሊን በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ያ ሲሆን ሰኮናውን ከውስጥ አጥንቱ ጋር ያያያዘው ሥጋ ይላላል፤ ፈረሱም ቆሞ በራሱ ክብደት ይጎዳል።

መጀመሪያ በእጅዎ ይዳስሱት። የደህና ፈረስ ጎድን ለዓይን ባይታይም ጣት ሳይጫን ይገኛል። ከዚያ ጋማው የበቀለበትን የአንገት ጠርዝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዝ አድርገው ግራና ቀኝ ያጥፉት። ወፍሮ እንደ ጎማ ከጠነከረና አልታጠፍ ካለ፣ ጎድኑ ቢታይ እንኳ አንገቱን ይመኑ።

ቀጥሎ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩት። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ የኮርቻው መቀነት በሚያልፍበት፤ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ፣ ሁለቱንም በሴንቲሜትር። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው በርዝመቱ ያባዙና ለ11,880 ያካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 140 ከሆነ 265 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን ወደ መኖው። በቆሎ፣ ገብስ፣ ፉርሽካ፣ ሞላሰስና አተላ ይቁም። እሸት የበቆሎ አገዳም ስኳር አለበትና ይቅር። ለቀን የሚበቃው መኖ፣ በመኖው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቆጠር፣ ከፈረሱ ክብደት 1.5 በመቶ ነው፤ ለዚህ ፈረስ 4 ኪሎ፣ በድርቆሽ ሲመዘን 4.5 ኪሎ ያህል። በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ከፋፍለው ይስጡት። እስከ ሲሶው ድረስ በገብስ ወይም በጤፍ ገለባ መተካት ይቻላል፤ ለውጡ ግን ሁለት ሳምንት ይፍጅ፤ ውሃም አይጉደል፤ አለዚያ አንጀቱ ይደፈናል።

ድርቆሹን በጆንያ አድርገው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ውሃው ሻይ መስሎ ይወጣል፤ ከስኳሩ ከፊሉ እዚያ ነው፤ ይድፉት። የተነከረውን አያሳድሩ፤ ይቦካል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቶሎ እንዲከሳ ብሎ ያስርበዋል። የወፈረ ፈረስ በአንድ ጊዜ ሲራብ ስቡ ደሙን ሞልቶ ጉበቱን ያጠቃል፤ ሊሞትም ይችላል። በሳምንት ከክብደቱ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ መቀነስ ይበቃል።

ሰኮናው ደህና ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሣር ያውጡት፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይመልሱት። ሣር ቀን በፀሐይ የሠራውን ስኳር ሌሊት ስለሚጠቀምበት ከሰዓት በኋላ ያለው የባሰ ነው። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ በሶምሶማ ያንቀሳቅሱት፤ መጀመሪያ ግን በእርምጃ ይለማመድ።

በየጠዋቱ ሰኮናውን በመዳፍዎ ይንኩ። ሙቀቱ ካልለቀቀ፣ ከሰኮናው በላይ ባለው አንጓ ጎንና ጎን የደም ትርታው ጠንክሮ ከመታ፣ ሲዞር ካመነታ፣ ወይም የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ወደኋላ ከተደገፈ ሕመሙ ጀምሯል። አያስኪዱት፤ አይጫኑት። ለምለም ሣር ጨርሶ ይቅር፤ ከሥሩ ገለባ ወይም ሰጋቱራ በወፍራሙ ያንጥፉ፤ በረዶ ከተገኘ እግሩን ከአንጓው በላይ ድረስ ይንከሩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይጥሩ። ጅማ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናትና ሐኪም ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ለሐኪሙ ፈረሱ ወፍራም እንደነበረ አስቀድመው ይንገሩት፤ ዴክሳሜታዞንና መሰሎቹ መድኃኒቶች እንዲህ ባለ ፈረስ ላይ የሰኮናውን ሕመም ሊያባብሱበት ይችላሉ።